ካሬው የማን ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 1962፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ችካል ስንተክል ዋልን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የማዘጋጃ ቤቱ የብረት ሜትር እጅ ያቃጥላል። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን የሥራ ጓደኛዬ ሰይድ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ እኔ ያልለካሁት ግቢ ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይንገረኝ።

11 ሰዓት ላይ የማታ ት/ቤት። የሳይንስ ፈተና ተመለሰ። ጉድህን ስማ ደብተሬ! ያቺ ልጅ፣ ወ/ሪት አስናቀች፣ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የተላከችው አስተማሪ፣ በቀይ ሰርዛብኛለች። ጥያቄው፦ የሚወድቅ ነገር ፍጥነት የሚጨምረው 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ወደ ሳ.ሜ. ቀይር። 98,000 ብዬ ጻፍኩ። አንድ ካሬ ሜትር አሥር ሺህ ካሬ ሳ.ሜ. ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እሷ ግን 980 ነው ትላለች።

ብድግ አልኩ። ካሬን ለእኔ ነው የምታስተምሪው አልኳት። ክፍሉ በሳቅ አወካ፤ የሳቁት እኔን አግዘው ነው። ቀስ ብላ፣ «ጋሼ መንገሻ፣ ካሬው እኮ የሜትሩ አይደለም፤ የሰከንዱ ነው» አለችኝ። አልሰማሁም። በ38 ዓመቴ 8ኛ ክፍል የገባሁት ሠርተፍኬት ይዤ ቀያሽ ልሆን ነው። የሥራዬን ቃል ከልጅ ልማር አይደለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4፤ 6 ሰዓት

ዲሬክተሩ ጋ ገባሁ። አምና ቦታቸውን የለካሁላቸው እኔ ነኝ። ወረቀቴን አዩ፤ ካሬ ካሬ ነው፣ አንተ ልክ ነህ አሉኝ። ልጅቷንም አይወዷትም፤ በስብሰባ ላይ አፍ ለአፍ ትመላለሳቸዋለች አሉ። ወዲያው ማመልከቻ አስጻፉ፦ የተሳሳተ ታስተምራለች የሚል፣ የፈተና ወረቀቴ አባሪ። ቅዳሜ ጧት በአውቶቡስ ለአውራጃ ትምህርት ጽ/ቤት ይላካል። ገና በሙከራ ላይ ናት፤ ይህ ከደረሰ ትሰናበታለች።

የመጀመሪያው ፊርማ የኔ። ከበታቼ አሥራ ሁለት ተማሪ ፈረመ። መንገሻ ካለ ልክ ነው እያሉ። ደረቴ ተነፋ፤ ለምን እዋሽሃለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ወሬው ደርሷታል። ዓይኗ አብጧል። አስተማረች ግን። እንዲሁ የተለቀቀ ነገር በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወርደው የዚያ የፈተናው ቁጥር ግማሽ ነው አለች። ወደ እኔ አላየችም።

እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ሠራሁት። የኔ 98,000 ግማሹ 49,000 ሳ.ሜ.። በሜትር 490። በአንድ ሰከንድ! ከጣርማ በር ገደል የተለቀቀ ድንጋይ «እህ» ሳትል ታች ደረሰ ማለት ነው። የእሷ ግማሽ 490 ሳ.ሜ.፤ አምስት ሜትር አይሞላም።

እራት እምቢ አለኝ። ሚስቴ አመመህ ወይ አለች። ቁጥር ነው አልኳት። ቁጥርም ያማል እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 6፤ 8 ሰዓት

በምሳ ሰዓት ሰይድን ይዤ ሮቢ ድልድይ። ወንዙ በበጋው ከስቶ አሸዋው ወጥቷል። ሰይድ የሜትሩን ጫፍ ድልድዩ አጥር ላይ ያዘ፣ እኔ ታች ወረድኩ። 5 ሜ. ከ2 ሳ.ሜ.። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ወጥቼ ድንጋይ ለቀቅኩ። ሰይድ ዓይኑን የእጅ ሰዓቱ ላይ ተክሏል።

«ወላሂ መንጌ፣ ሰከንዷ አንዴ ዘለል ስትል ጧ አለ!»

ድገም። አሥር ጊዜ ለቀቅን። አሥሩንም አንድ ሰከንድ። ግመል የሚነዱ ሰዎች ቆመው አዩን፤ ያበድን ሳይመስላቸው አልቀረም።

አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ያኔ ገባኝ። ፍጥነቱ 9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ ያውም በየሰከንዱ። ሰከንድ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ካሬው እሱ ነው። ሜትር የተጠራው አንዴ። ሰከንዱን ማንም አልነካውም፤ የተሸነሸነው ሜትሩ ብቻ፤ ስለዚህ በመቶ አንዴ ማብዛት ነው። 980። በሚ.ሜ. ቢሉኝ 9,800። እኔ ካሬ ስሰማ የታየኝ ቦታ ነው፤ ቁመትና ወርድ። ለሚወድቅ ድንጋይ ወርድ አይለካለትም! አፈርኩ። ግን ደግሞ ማን ደረሰበት? በገዛ ሜትሬ፣ እኔው።

ለሰይድ ተሳስቻለሁ አልኩት። «ታዲያ የተሳሳተ ችካል ይነቀላል። ሌላ ምን አለ?» አለኝ፤ ሜትሩን እየጠቀለለ።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህም ላይ «ልጅቷ» ማለት ቀረ። መምህርት አስናቀች ልክ ነበሩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል

ዲሬክተሩን በራቸው ላይ ያዝኳቸው። ፖስታው እጃቸው ላይ። ስሜን ሰርዙልኝ አልኩ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ተቆጡ። ስም በአፍ አይሰረዝም፤ ተሳስቻለሁ ብለህ ጽፈህ አምጣ፤ ጽሑፍህን ለማዘጋጃ ቤት እልከዋለሁ፤ ካሬ የማያውቅ ሰው እንዴት ቀያሽ እንደሚሆን እናያለን አሉ። ካልጻፍክ ግን ማመልከቻው በሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይሄዳል።

ፈራሁ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩት ሥራ ነው። መምህርቷ ግን መቼ ተሳሳቱ? አሥራ ሁለቱስ የፈረሙት እኔን አምነው አይደል?

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ቅጠል ከአንተው ቀደድኩ፤ ይቅር በለኝ ደብተሬ። ለዲሬክተሩ የምሰጠውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ትክክለኛው 980 ሳንቲ ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። መምህርቷ ልክ ናቸው፣ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ ሮቢ ድልድይ ላይ በእጄ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ፊርማ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ከተማው ውስጥ ብዙ መንገሻ አለ፤ ሌላው ነው እንዳይባል ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩት፦ መንገሻ ይርዳው ቸርነት።