ያላነበብኩልሽ መመሪያ

ውድ ሎጋዬ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ይኸውልሽ። ያን የመስታወት ማጽጃ ረጅም ዘንግ አያያዝ መመሪያ ላንቺ አላነበብኩልሽም። ለሰባታችሁም አንብቤያለሁ ብዬ ግን ፈርሜያለሁ። ረስቼ አይደለም። ጊዜ አጥቼም አይደለም። ቀንቼብሽ ነው።

ይህን ለመጻፍ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ባለቤቴም ሳያውቀው ነው የሞተው። እንግዲህ ከጀመርኩ ሁሉንም ልጻፈው።

ሥራ የገባሽበትን ቀን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። እኔ አልረሳውም። እኛ ለሁለት እየታገልን የምናቆመውን ትልቁን ዘንግ ብቻሽን አነሳሽው። መቆለፊያዎቹን ቀጭ ቀጭ እያደረግሽ ዘረጋሽው፤ ብሩሹ ሦስተኛ ፎቅ መስታወት ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ባለቤቴ የውሃውን ታንከርና ዕቃችንን በሚያመላልስበት መኪና ውስጥ ነበር። በሩን ከፍቶ ወረደ። እኔን ሊያግዝ ወርዶ የማያውቅ ሰው!

«ይቺ ሎጋ ከየት መጣች? ዘንጉን አሳጠረችው እኮ!» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ፤ አንቺም ሳቅሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምሽ ሎጋ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እኔን «ስሚ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ላንቺ ግን በአንድ ደቂቃ ስም አወጣልሽ።

ስትሠሪ ሰው ቆሞ ያይሽ ነበር። ግድግዳው ሥር ተጠግተሽ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርገሽ አቁመሽ፣ አንገትሽን ወደ ኋላ ጥለሽ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ፊትሽ ላይ እየወረደ። ቀኝ እጅሽ ሁልጊዜ ከላይ። ጥብቅ አድርገሽ ከመጨበጥሽ የተነሳ የክንድሽ ጅማት ይቆጠር ነበር። እኔ አጭርና ዝምተኛ፣ አንድ መስታወት ሦስቴ የምደጋግም ሴት ነበርኩ። የኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ማንበብ። እሱንም ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ያለ አስተማሪ፣ ከሳሙና በርሜል ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ከመድኃኒት ካርቶን የሚወጣውን እጥፍጥፍ ወረቀት፣ ባለቤቴ መኪና ውስጥ የሚጥለውን አሮጌ ጋዜጣ እያገጣጠምኩ የተማርኩት ነው።

ተቆጣጣሪው ያን መመሪያ ሲያመጣ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ስድስት ገጽ። ቸኩሎ ነበር፤ «አንባቢዋ፣ በምሳ ሰዓት ለሁሉም አንብቢላቸውና ከታች ፈርመሽ መልሺልኝ» ብሎኝ ሄደ።

ቀድሜ ለብቻዬ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ አሁን ላንብብልሽ፣ ምንም ቢዘገይ። ከመስታወቱ ሥር አትቁሙ፤ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ዘንጉን አጋድሉት፤ ያኔ ብሩሹን ለማየት አንገት ማጠፍ ሳያስፈልግ ዓይን ማንሳት ይበቃል። ዘንጉን ከሚያስፈልገው በላይ አትዘርጉ። እጃችሁን ከትከሻ በላይ አታሠሩ። ጥብቅ አድርጋችሁ አትጨብጡ፤ ጣት ላላ ይበል፤ ክንድ ብቻውን ከሚገፋ እግር ወደፊትና ወደኋላ ይራመድ። በየመስታወቱ የላይኛውን እጅ ቀይሩ። በየሩብ ሰዓቱ ዘንጉን አውርዳችሁ መሬት መሬቱን እያያችሁ አንገታችሁን አሳርፉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ጣት መደንዘዝ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ የደነዘዘው ሰው ዘንግ መያዝ አቁሞ ለኃላፊው ይንገር።

እያንዳንዱን መስመር ሳነብ አንቺን ነበር የማየው። ሁሉም ያንቺ ስህተት ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። የምትደነቂበት ሁሉ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ላነብልሽ ነበር፤ እንዲያውም ባለቤቴ ፊት ላርምሽ ጓጉቼ ነበር።

በምሳ ሰዓት ስድስቱ ሴቶች ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። አንቺ አልነበርሽም። ልጠራሽ ወጣሁ። መኪናው የፊት ወንበር ላይ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠሻል። እሱ ብርቱካን ይልጣል፤ አንድ አንድ እየገነጠለ መዳፍሽ ላይ ያኖርልሻል። ምን እንዳለሽ አልሰማሁም፤ አንቺ ግን ራስሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ሳቅሽ። ለኔ ብርቱካን ልጦ አያውቅም። ታምሜ ተኝቼ እንኳ ቢላዋውን ነው ያቀበለኝ።

አልጠራሁሽም። ተመልሼ ለስድስቱ አነበብኩ። ስጨርስ ፈረምኩ፤ «ለሰባቱም ሠራተኞች አንብቤያለሁ» ከሚለው ሥር። ነገ አነብላታለሁ አልኩ። በማግሥቱ ሴቶቹ ሁሉ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ ዘንጋቸውን አጋድለው መሥራት ጀመሩ። አንቺ ብቻ በቦታሽ ቀረሽ።

«ምነው፣ መስታወቱ ይናከሳል እንዴ? ሁላችሁም ሸሻችሁ!» አልሽ።

«ላንቺማ ምን ይነገርሻል፣ ባለሙያዋ!» አለች አንዷ።

ሳቃችሁ። ሰምታ እምቢ አለች ብለው ነው ያሰቡት። አንቺ ደግሞ ሲያሞግሱሽ መሰለሽ። እኔ መሀላችሁ ቆሜ የውሃውን ጎማ እየጠቀለልኩ ነበር። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም ብትለኝ ምን እላታለሁ እያልኩ ዘለልኩት።

በዚህ አልቆምኩም። አንድ ቀን ብርጭቆ ከእጅሽ አምልጦ ተሰበረ። ጣቶችሽን እያሻሸሽ፣ «እትዬ፣ እጄን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የሰው እጅ መሰለኝ» አልሽኝ። ሦስተኛው ገጽ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። እና ምን አልኩሽ? «ብርድ ነው፤ ይለቅሻል። ደግሞ እንዳንቺ ቀጥ ብሎ የሚሠራ ሰው የለም፣ እነሱን አይተሽ እንዳትለውጪ።» አዎ፣ እንዲህ አልኩሽ። አመንሽኝ፤ አንባቢ ነኛ።

ባለቤቴ ግን አስተዋለ። «የዚያች ልጅ አንገት ልክ አይመስለኝም፤ ለምን እንደናንተ አትቆምም? አላነበብሽላትም?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንብቤላታለሁ፤ አትሰማም» አልኩት። «ግትር ናት በይኛ» አለ፤ ፊቱ ጠቆር ሲል አየሁ። ከዚያ ወዲህ አንቺን ለማየት ከመኪናው አልወረደም። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እየዘፈንኩ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እኔ፣ ዝምተኛዋ።

ሥራ ከገባሽ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ቀኝ እጅሽ ማንኪያ መያዝ አቃተው፤ አንገትሽም ወደ ግራ አልዞር አለ። ሥራ አቆምሽ። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ስምሽ ሲነሳ «እምቢ ብላ ነው» ይል ነበር። ከኔ የሰማውን ነው ይዞ የሄደው።

ለቅሶ ልትደርሺኝ ስትመጪ አንገትሽ ላይ ድጋፍ አስረሽ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠሽ አለቀስሽ፤ ከኔ በላይ አለቀስሽ። የሰው ፊት ባይሆን ኖሮ አስወጣሽ ነበር። ከዚያ እንዲህ አልሽኝ፦ «እትዬ፣ ጋሼን እንዴት እረሳዋለሁ? ጣቴ እምቢ ሲለኝ ብርቱካን የሚልጥልኝ እሱ ነበር። እፍረት እንዳይሰማኝ ደግሞ፣ ‹እኔ ልጅ ወልጄ ቢሆን ኖሮ አንቺን ታክል ነበር› እያለ ያስቀኝ ነበር።»

ሎጋዬ፣ ያን ቀን፣ ምነው በባለቤቴ ፈንታ እኔ በሞትኩ አልኩ። ብርቱካኑን መላጥ ስለማትችዪ ነበር የላጠልሽ። እኔን ሳልጠራሽ ከመንገዴ የመለሰኝ ያ ብርቱካን የሕመምሽ ምልክት ነበር፤ ያኔ እጄ ላይ የነበረው ወረቀት ስሙን ሳይቀር ያውቀው ነበር። አሥር እርምጃ ብራመድና ብጠራሽ ኖሮ።

እንዲያም ሆኖ ቅናቴ አልለቀቀኝም። ባለፈው ወር ቤትሽ መጥቼ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ አላንኳኳሁም። ልጅሽ ከኋላሽ ቆማ ፀጉርሽን ታበጥርልሻለች፤ እጅሽ ከትከሻሽ በላይ ስለማይወጣ። «ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ፣ ራሴን ልትነቅዪው ነው?» ትያታለሽ። እሷ ደግሞ «ዝም በይ፣ ዛሬ የኔ ልጅ ነሽ» ትልሻለች። ያደረስኩብሽን ጉዳት በዓይኔ እያየሁ፣ በሰው እጅ ስትበጠሪ እያየሁ፣ ቀናሁ። ያበጠረኝ ሰው የለም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

የመጣሁት ስለ ቦርዱ ልነግርሽ ነበር። የሥራ ላይ ጉዳት አጣሪው ቦርድ ማመልከቻሽን የጣለው በኔ ፊርማ እንደሆነ ተቆጣጣሪው ነገረኝ። «ትክክለኛው አሠራር ተነግሯት እምቢ ብላለች» ተብሎ ተጽፏል። ይግባኝሽ የሚታየው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ካልተቀበሉሽ ሕክምናሽም ይቆማል፣ ተቀምጠሽ የምትሠሪው ሥራም አይሰጥሽም። ተቆጣጣሪው ለምስክርነት ጠርቶኝ፣ «ያንቺ ነገር ቀላል ነው፤ ፊርማው የኔ ነው ማለት ብቻ ነው» አለኝ።

አሁን አዳዲስ ሠራተኞችን የማሠለጥነው እኔ መሆኔን ሰምተሽ ይሆናል። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ እጅ ቀይሩ፣ አንገታችሁን አሳርፉ እያልኩ ቀኑን ሙሉ እደጋግማለሁ። አንዷ በቀደም «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ አንገታችን ተሰብሮ ነበር» አለችኝ። ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ።

ፊርማው የኔ ነው። የጻፍኩበት ግን ሐሰት ነው። መጀመሪያ ለቦርዱ ይህን ብቻ በአጭሩ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር፤ ስለ ብርቱካኑና ስለ ባለቤቴ ባዕድ ሰው ምን ያደርግለታል ብዬ። ግን ቅናቴን ሳልጽፍ ካስቀረሁት ነገሩ ስህተት ይመስላል፤ ዘነጋች፣ ቸኮለች ይባላል። ስህተት አልነበረም። ማክሰኞ ፊታቸው ቆሜም ይህንኑ እላለሁ። ሥራዬን ያስለቅቁኝ ይሆናል፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው፤ ይቅር በይኝ ብዬም አላስቸግርሽም።

እስከዚህ ያለውን ሦስት ጊዜ በእጄ ገልብጬዋለሁ፤ ቃል ሳልቀንስ። አንዱን ዛሬ ጠዋት ለቦርዱ ጸሐፊ አስረክቤ፣ መቀበሏን አስፈርሜያለሁ። ሁለተኛው ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይኼኛው ለልጅሽ ይሰጣል። እሷ ታንብብልሽ፤ ልትጠላኝ እንደምትችል አውቄ ነው የጻፍኩት። ፊደሉን ራስሽ ማየት ካማረሽ ግን ወረቀቱን በዓይንሽ ልክ ከፍ አድርጋ ትያዝልሽ፣ አንገትሽን እንዳትደፊ።

ያንቺው፣
አንባቢዋ