ቤት ነበርኩ ስትለኝ

ሰይዴ፣ የልጄ የሐያት አባት፤

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሱቁም አለ። ሐያት ቁመቷ አንተን፣ ምላሷ እኔን ወጥቷል፤ እንግዲህ አላህ ይሁናት! ሰፈራችን ኪሱጉ ግን ሰሞኑን ተተራምሳለች። ከሱቃችን ጎን የነበረው ልብስ ሰፊ ለቀቀና ቦታው የኳስ ውርርድ፣ ቤቲንግ፣ ሊከፈትበት ነው ተባለ። ግማሹ ሰው ሥራ ያመጣል ይላል፣ ግማሹ ልጆቻችንን ይበላል ባይ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበርም ሰፈሩን ለስብሰባ ጠራ። እኔማ ታውቀኝ የለ፣ ሐራም ነው ብዬ ድራሹን ላጠፋ ተዘጋጅቼ ነበር።

ካምፓላ የገባን ሰሞን ትዝ ይልሃል? አንድ ታፔላ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «BET» የሚል አይተህ፣ «ቤት» ብለህ አንብበህ፣ የሐበሻ ኪራይ ቤት መስሎህ ዘው ብለህ ገብተህ ሁለት ክፍል ከነማድቤቱ ስትጠይቅ! ኳስ የሚያየው ወንድ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብህ። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ የቤቲንግ ስሙ «ቤት» ሆኖ ቀረ። ታመህም ከሰዓት በኋላ ወጣ ብለህ ስትመለስ፣ የት ነበርክ ስልህ ቤት ነበርኩ ትለኛለህ። ቀልዱን አለመርሳትህ ደስ ብሎኝ እስቃለሁ።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ጃኬትህን ለሰደቃ ላወጣ ኪሱን ስፈትሽ እፍኝ ሙሉ የቤቲንግ ቲኬት አገኘሁ። ሁሉም ሐኪሙ ህንድ ሄደህ ታከም ካለህ በኋላ የተቆረጠ። ወይ ሰይዴ! ለካ እውነቱን ነበር የምትነግረኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ጃኬቱን ወረወርኩት። ከዚያ መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ። ያልነገርከኝ ምላሴን ፈርተህ ነው፤ አልፈርድብህም።

ስብሰባው ላይ ስለ ስምህ ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን አንዷ ተነስታ ቤቲንግ የሚገባ ሁሉ ሰነፍና ሌባ ነው አለች። በሞተሩ ሆስፒታል ያመላልስህ የነበረው ባለቦዳ ፊት ለፊቴ አንገቱን ደፋ። አላስቻለኝም። በተሰባበረ ሉጋንዳዬ፣ ቤቲንጉ አይከፈት፣ የገባበትን ሰው ግን አትስደቡ አልኩ። ባሌም ገብቶበታል፤ ሌባ አልነበረም፣ የህንዱን መታከሚያ አግኝቶ መዳን ፈልጎ ነው አልኩ።

ፈቃዱ ይሰጥ አይሰጥ ገና አልታወቀም። ምስጢርህን አደባባይ አውጥቼዋለሁና አፉ በለኝ። ሰው ጨዋነትህን ያስታውስልህ። እኔ ከእኔ የደበቅኸውን የሞት ፍርሃትህንም ጭምር አስታውሳለሁ፤ ከእንግዲህ እሱን ብቻህን አትሸከመውም።

ዘሃራህ