የብረት እግር ዋንጫና አንቀጽ ዘጠኝ

ለሶሬል ዌልስ የረጅም መንገድ ሞተረኞች ማኅበር
ለክቡር ፕሬዚዳንት አቶ ዱዌይን ፕሩዊት
ሶሬል ዌልስ፣ አሪዞና

ጉዳዩ፦ የማኅበሩ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ ከቅዳሜው የነፃነት ቀን ሰልፍ በፊት እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ከሁሉም በላይ፣ በዚህ ከጥላ ሥር እንኳ አርባ ሦስት ዲግሪ በሚነድ ሙቀት፣ በሁለት የጋሉ ሲሊንደሮች ላይ ተቀምጦ ላብ ጠብ ብሎት የማያውቀው ቀኝ እግርዎ እንደምን ከርሟል? እኔ ደህና ነኝ። የተለየ ነገር አይሰማኝም።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን የከበደውን አንድ ጥፋት በማኅበሩና በከተማው ሕዝብ ፊት መናዘዝ ግድ ሆኖብኛል። ባለፈው ግንቦት በተደረገው የመታሰቢያ ቀን ሰልፍ፣ የክቡር ባለቤትዎን የወይዘሮ ላቨርንን የሥጋ ቴርሞሜትር ከምግቡ ጠረጴዛ ላይ ያለ ፈቃድ ያነሳሁት እኔ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት የሆነው ኦፓል ጂን ታኬት ነኝ። ወይዘሮ ላቨርን ዶሮው ይብሰል አይብሰል ጠፍቷቸው በሹካ እየወጉ ስላሳለፉት ሃያ ደቂቃ ከልቤ አዝናለሁ። ቴርሞሜትሩ ታጥቦ ተመልሷል። ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት። ምን እንደለካሁበት በተራ ቁጥር አምስት እገልጻለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው ዶሮውን በልቼ ነበር ብሎ እንዳይደነግጥ እለምናለሁ።

ይህ ደብዳቤ በግሮሰሪው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ የማኅበሩ አባል ላልሆኑ ነዋሪዎች ስል አንቀጽ ዘጠኝን ልጥቀሰው። «በሰልፍ ላይ ያለ ሞተር አይጠፋም፤ አያነክስም፤ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር አይገጠምበትም፤ ተሰላፊው ከመስመሩ አይወጣም።» አጭርና ግልጽ ነው። ያረቀቁት እርስዎ መሆንዎንም ከነፊርማዎ አይቼዋለሁ፤ ፊርማዎ ከአንቀጹ ይረዝማል።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ስለ ነፋስ። የማኅበራችን ሞተር ሳይክሎች ራዲያተር የላቸውም፤ የሚያቀዝቅዛቸው ሲሄዱ የሚመታቸው ነፋስ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ሲበሩ ምንም ችግር የለም። ማኅበሩ ግን በእግረኛ ፍጥነት፣ የትምህርት ቤታችንን የሙዚቃ ባንድ ተከትሎ፣ ዋናውን መንገድ በአርባ ደቂቃ የሚጨርስበትን ዘዴ አግኝቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ በባንዲራው ምሰሶ ሥር ሃያ ደቂቃ ሞተሩን ሳያጠፋ በሚኒሞ ይቆማል። ሞተሮቹን የሠሩት መሐንዲሶች ያላሰቡትን አነዳድ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጠሩ ሽማግሌዎች ከተማችን ውስጥ በመኖራቸው እኮራለሁ።

2ኛ. ስለ መድኃኒቱ። አያቴ ሆሊስ ታኬት ሠላሳ አራት ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቷል፤ ሞተርዎን ስንት ጊዜ እንደፈታ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ጋራዡ ውስጥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንደተማርኩት ከሆነ ሙቀቱን መቀነስ የጨረቃ ጉዞ አይደለም። በሙቀት ብዛት የቀጠነ አሮጌ ዘይት በጊዜ ይቀየራል፤ በተለይ ለሙቀት በተሠራው ዘይት። ከእግር ፊት ለፊት ነፋሱን የሚዘጉት ሁለት የፕላስቲክ መከለያዎች በበጋ ይወልቃሉ። ነዳጁ አንሶ አየሩ የበዛበት ሞተር የበለጠ ስለሚግል ድብልቁ ይስተካከላል። በኋለኛው ሲሊንደርና በኮርቻው መካከል ሙቀት መላሽ ቆርቆሮ ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆሞ ለሚሠራ ሞተር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከጎን ትገጠምለታለች። ይኸው ነው። አያቴ ይህን ሁሉ ለግማሹ አባል በየጓሮው ሠርቶለታል፤ አባላቱም የሰልፍ ቀን ሲደርስ አንቀጽ ዘጠኝን ፈርተው መልሰው ይፈቱታል። በዓመት ሁለት ጊዜ መግጠም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መፍታት። ጡረተኛ ሥራ ፈት እንዳይሆን ስላሰቡለት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ሲቆሙ የኋለኛውን ሲሊንደር በራሳቸው የሚያጠፉበት መላ አላቸው። ሙቀቱ ወዲያው ይቀንሳል። ሆኖም ድምፁ ስለሚሰነካከል እርስዎ «ሞተሩ አነከሰ፤ ሕዝብ ፊት አናነክስም» ብለው አገዱት። ሞተሩ እንዳያነክስ ሲባል ምን እንደሚያነክስ ቀጥሎ አለ።

3ኛ. ስለ ብረት እግር ዋንጫ። ለማያውቁ ነዋሪዎች፦ በባንዲራው ምሰሶ ሥር በሚቆምበት ሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀኝ እግሩን ከሞተሩ አርቆ የዘረጋ ከውድድሩ ይወጣል፤ እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቅ የቀረ በግንቦቱ ሰልፍ የዓመቱን ዋንጫ፣ በነፃነት ቀን ደግሞ ጭብጨባ ብቻ ይወስዳል። ለአምስት ዓመት በተከታታይ የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ላለፉት ሦስት ዓመታት ግን ጉልበትዎ ዘርጋኝ ስላለዎት የወሰደው አያቴ ነው። ባለፈው ግንቦት አባላቱ «ይሄ ሰውዬ ከምንድን ነው የተሠራው?» ሲባባሉ፣ ከመካከላቸው አቶ ግሌን የሞተራቸውን ጭስ ማውጫ እያሳዩ «ከአሮጌ ማርሚታ ነዋ!» ሲሉ፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ነበር። ሙቀቱ ጂንሴን አልፎ እየለበለበኝ የሱን ጀርባ አያለሁ። እንዴት ያለ ወንድ ነው እል ነበር። እናንተም ትሉ ነበር። አጨበጨባችሁ። እኔም አጨበጨብኩ።

አያቴ ሙቀቱን ችሎት አይደለም። አልተሰማውም። የስኳር በሽተኛ ነው፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከሞተ ቆይቷል።

ያወቅነው በዚያው ቀን ነው። ቤት ገብተን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ የድንች ሰላጣ እየበላ ስለ ሰልፉ ያወራል። የሆነ ነገር ሸተተኝ። «አያቴ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል» አልኩት። «የላቨርን ዶሮ ነው፤ ልብሴ ላይ ቀርቶ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ቦት ጫማውን ሳወልቅለት ሱሪው ከባቱ ጋር ተጣብቋል። ስስበው ከሱሪው ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣ። አያቴ የጎረቤት አጥር ወድቆ እንደሚያይ ሰው አየት አደረገውና «አሃ» አለ። ከዚያ ሹካውን መልሶ አነሳ። እኔም ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ ሰላጣውን ክዳኑን ከድኜ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደከተትኩት ብቻ አስታውሳለሁ።

ዶክተሯ ቁስሉን ለአምስት ሳምንት አክመውታል። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከተቃጠለ ግን የምናወራው ስለ ማከም ሳይሆን ስለ መቁረጥ ነው ብለዋል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አያቴ «ገባኝ» አለ፤ ቤት እንደደረስን ለቅዳሜው ሰልፍ ተመዘገበ። የሞተሩን ቁልፍ ደበቅኩበት። ሌላ ቁልፍ ቀረጸ። መካኒክ ነው አልኩዎት።

እንዳይሄድ ለምኜዋለሁ። «ዋንጫውን የያዝኩት ሰውዬ ሰልፍ አልወጣም ልል ነው?» ይለኛል። ሦስት ዋንጫ የተቀበለ ሰው «እግሬ አይሰማኝም ነበር» ብሎ ሦስቱንም እንዲመልስ መጠበቅ እንደማይቻል እርስዎ ይረዱልኛል። የዘንድሮውን ማየት ከፈለጉ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አለ። የኢንሱሊን መርፌዎቹን የምናስቀምጠው ዋንጫው ውስጥ ነው። መጠኑ ልክ ነው፤ ስለ ስጦታው እናመሰግናለን።

4ኛ. ስለ ሰኔው ጠቅላላ ጉባኤ። አያቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ ተናገረ። «ዱዌይን፣ ለራሴ አይደለም፤ ለወጣቶቹ ብዬ ነው። በሰልፉ ቀን ማራገቢያ ቢፈቀድስ?» አለ። ከአባላቱ በዕድሜ ትንሹ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። እርስዎም «ምነው ሆሊስ? በዚያው ፀጉር ማድረቂያም ይዘህልን ና እንጂ!» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥለው ሸሚዛችሁ ጀርባ ላይ የታተመውን «ሙቀቱን ያልቻለ መኪና ይግዛ» የሚለውን አነበቡለት፤ አቶ ግሌንም ከኋላ ሆነው «ኧረ ከነማቀዝቀዣው ይግዛ!» አሉ። አያቴም አብሮ ሳቀ። ከሁላችሁም ዘግይቶ ያቆመው እሱ ነበር። ከዚያ ተቀመጠ። በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ ታኬት ቀልድ አቅርበዋል» ተብሎ ተመዝግቧል፤ አንብቤዋለሁ።

5ኛ. ስለ ቴርሞሜትሩ። በግንቦቱ ሰልፍ፣ በባንዲራው ምሰሶ ሥር ከአያቴ ኋላ ወርጄ ለተሰላፊዎቹ ውኃ አድዬ ነበር፤ ስጨርስ ተመልሼ ከኋላው ተቀመጥኩ። ውኃውን በአንድ እጄ እየሰጠሁ በሌላው እጄ ቴርሞሜትሩን ከእያንዳንዱ ኮርቻ በታች፣ ባት በሚያርፍበት ቦታ፣ ሰካሁት። በዚያ ሰዓት ያደረግኩት ለቀልድ ነው፤ የትኛው ሽማግሌ ቀድሞ እንደሚበስል ለማወቅ። ቴርሞሜትሩ ላይ በቅደም ተከተል የላም፣ የአሳማና የዶሮ ሥዕል አለ፤ መርፌው ሥዕሉን ሲያልፍ ሥጋው በስሏል ማለት ነው። በሰልፉ ላይ አሥራ አንድ ሞተሮች ነበሩ። አሥሩ ዶሮውን አለፉ። የአያቴ ከሁሉም ርቆ አለፈ።

አሥራ አንደኛው ላሟ ላይም አልደረሰ።

ቴርሞሜትሩ ተበላሸ ብዬ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ጎንበስ ስል ከሞተሩ ጡሩምባ ክዳን ጀርባ መዳፍ የምታክል፣ ጥቁር ቀለም የተቀባች ማራገቢያ በሰላም ትዞራለች። በዚያ ሁሉ ጉርምርምታ መሐል ድምጿ አይሰማም። ሞተር በሰልፍ ላይ ለምን መጥፋት እንደሌለበትና ለምን ሙሉ ድምፅ ማሰማት እንዳለበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከማኅበራችን ውስጥ ለእግሩ የሚጠነቀቅ አንድ አስተዋይ ሰው በመገኘቱ እንኳን ደስ አለን።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ አልወቅስዎትም። እግሩ የሚሰማው ሰው ማራገቢያ ማስገጠሙ ትክክል ነው። የማይሰማው ሰው ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ ያስፈልገዋል። እንዲሁም በፈለገ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማንም ሳይስቅበት፣ ከመስመሩ ወጥቶ ከዛፍ ሥር መቆም መቻል አለበት። አያቴ እርስዎ ካልፈቀዱለት አያደርገውም። እኔ ብለምነው አያደርገውም፤ ዶክተሯ ቢያዙት አያደርገውም። እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ ግን ያደርገዋል። ይህን ያህል የሚያከብርዎ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ ፈልጌ ነበር።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ድረስ አንቀጽ ዘጠኝ እንዲሰረዝ፣ የብረት እግር ውድድርም ከነጭብጨባው እንዲቀር፣ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። አያቴ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም ነበር፤ ግን ዓርብ ሊደርስ ነው።

ከዘጠነኛው በስተቀር ሁሉንም አንቀጾችዎን የማከብር፣ ለዕድሜዎና ለማራገቢያዎ ረጅም ዘመን የምመኝ፣ የማኅበሩ ውኃ አዳይና የሁለተኛው ረድፍ የኋላ መቀመጫ ተሳፋሪ፣

ኦፓል ጂን ታኬት

ግልባጭ፦
ለግሮሰሪው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአቶ ግሌን (ጮክ ብለው እንዲያነቡልን)
ለወይዘሮ ላቨርን ፕሩዊት (ቴርሞሜትሩን በሚመለከት ብቻ)

ሳልረሳው፦ የማራገቢያዎን ነገር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ መሆኑ ትዝ ያለኝ አሁን ነው፤ ይቅርታ። በነገራችን ላይ የማራገቢያዋ ሽቦ ከማርሚታው አጠገብ ስለሚያልፍ የላስቲክ ሽፋኑ መቅለጥ ጀምሯል። ለአያቴ ቢሰጡት በአሥር ደቂቃ ያስተካክልልዎታል። ለማንም እንዳይናገር አይስጉ። አፉ እንዴት እንደሚዘጋ ሦስት ዓመት ሙሉ አይተዋል፤ ሸልመውታልም። ደግሞም

የበረንዳው በር ተከፈተ። አያቴ ከኋላዬ ቆሟል። መነጽሩን አድርጓል፤ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁትን ሁለተኛውን ገጽ እያነበበ ነው። ብዕሬን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ቀና ብዬ ማየት ሊኖርብኝ ነው። ወረቀቱን አልነጠቀኝም። አልተቆጣም። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ቆየ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ያለውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፦

«ኦፓል ጂን። ከለጠፍሽው አይቀር አስተካክለሽ ለጥፊው። ቀኝ እግሩ ሞቷል ብለሻል። ሁለቱም ናቸው።»