ስልኬ አላረጀም

ሶሬሳ፣

ስልኬ አላረጀም። አንድ ጣሪያ ስር እየኖርን «እትዬ፣ ባትሪው ደክሞ ነው» እያልክ ስታሾፍብኝ ከረምክ።

እህቴ ፋና፣ ሆስፒታል ገብታ ስትደውልልኝ ሰንብታለች። ከእኔ ሌላ የምትደውልለት የላትም። የሰማሁት ዛሬ ሰው ልካብኝ ነው።

ራጉኤል ደጃፍ ስደርስ ስልኩ ደህና ይሠራል። ቤት ስገባ ያ ኔትወርክ የምትሞክርበት ሳጥን ከበራ ጭጭ ይላል። በፊት ወደ ራሱ ስቦ የሚይዘው ያንተን ስልኮች ብቻ ነበር። «ኮዱን አጸዳሁት፣ የማያስፈልገውን አወጣሁት» ካልክ ወዲህ የእኔንም ይዞ አይለቅም። ምን እንዳወጣህ አንተው ፈልግ።

ሳጥኑን ነቅዬዋለሁ። ሳታስተካክለው እንዳትሰካው።
ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ሙላ።
ማታ ተቆጥቼ የተናገርኩህ በዝቷል።
እሱን ሌላ ጊዜ።

እኔ ፋና ጋ ሄጃለሁ።

«ሥራችን ማንም በነፃ የሚያየውና የሚያርመው ነው፣ ጉድለት ያገኘ ሰው ስሙ ከጥገናው ስር ይጻፋል» ብለኸኛል። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጠግነህ ለሥራ ባልደረቦችህ ስትልክላቸው «አንዲት አሮጊት ነገረችኝ» እንዳትል። እታገኝ ጣሰው ብለህ ከነአባቴ ስም ጻፍ።