የእናትሽን ስም የጻፉት ጠበቆች

ሴንት ሄሌና ደሴት
ማርች 4 ቀን 2013

ይድረስ ለልጄ ለቨርኔል ኬፐርስ፤ ቺካጎ

ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ኧርነስቲን ናት። «ጋሼ ታይተስ፣ ስለ እግርዎ እብጠት ልጻፍላት?» ብላኝ ነበር። «የጠራሁሽ ስለ መሬት እንጂ ስለ እግር አይደለም» ብያታለሁ። ያልኳትን ብቻ ካልጻፈች የጀመርኩላትን የሽሪምፕ ማጥመጃ መረብ ሌላ ሰው ይጨርስላት።

ስለ መሬታችን ያዘጋጀሽውን ወረቀት አልፈርምም ካልኩ ወዲህ ስልክሽ አጥሯል። የወንድሜ ልጅ ሌስተር ግን ከጃክሰንቪል ደውሎልኛል። «አጎቴ፣ ሁላችንም ፈርመናል፤ የቀረኸው አንተ ነህ። እስከ ፋሲካ ካልፈረምክ ድርሻዬን ለሆቴል ሠሪዎቹ እሸጣለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ። «ልጆችህ ሸርጣን የሚያውቁት ሳህን ላይ ነው» ብዬ ዘጋሁበት።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ባለፈው ወር ለጠበቆች ልታስተምሪ ሳቫና ስትመጪ «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ስማኝ» ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። እኔም «ጠበቃ ሲሰበሰብ ከማይ አሞራ ሲሰበሰብ ባይ ይሻለኛል» አልኩሽ። መጥቼ ነበር። ኧርነስቲን በመኪናዋ ወሰደችኝ። የቀብር ሱፌን ለብሼ ባርኔጣዬን ይዤ ስገባ፣ በር ላይ የቆመችው ነጭ ልጅ ዳኛ መሰልኳት። «ክቡር ዳኛ፣ ይግቡ፤ ቁርስም አለ» አለችኝ። አይደለሁም አላልኩም። በዚህ ዕድሜዬ ክቡር ያለችኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፣ ለምን አሳፍራታለሁ?

ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ባልደረቦችሽ እነዚያ ናቸው? የሟች ኑዛዜ የሚጽፉት፣ የሙት ልጅ አደራ የሚይዙት እነዚያ ናቸው? በየዓመቱ የተባለውን ሰዓት ተቀምጠው ካልተማሩ የጥብቅና ፈቃዳቸው ይያዛል አሉ። መማር ይሄ ከሆነ እኔን ጌታ ወዶኛል። አንዱ ጫማውን አውልቆ ያንኮራፋል። አንዷ ጥፍሯን ትሞርዳለች። ፊት ለፊቴ ያሉት ሁለቱ ስለ ጎልፍ ይንሾካሾካሉ። አጠገቤ ያለው፣ አንገቱ ከኮሌታው የተረፈው ሰውዬ፣ ገና አፍሽን ስትከፍቺ ዐይኑን ጨፈነ።

«ክቡር ዳኛ፣ ቃሉን ስትናገር ይቀስቅሱኝ» አለኝ።

«የምን ቃል?»

«መሀል ላይ አንድ ቃል ትናገራለች። እሱን የጻፈ ተገኝቷል ተብሎ ሰዓቱ ይቆጠርለታል። ሌላው ወሬ ነው።»

ወሬ! አንቺን ነው እኮ!

አነጋገርሽ ደኅና ነው። ድምፅሽ እናትሽ ጸሎት ቤት ውስጥ መዝሙር ስታወጣ የነበራት ድምፅ ነው። ስለ አንድ ሽማግሌ ተናገርሽ፤ ስሙን አልጠራሽም፣ «አንድ ደንበኛዬ» አልሽ። ከባርነት የወጡ አያቶቹ የገዙት መሬት አለው። ኑዛዜ የጻፈ ስለሌለ መሬቱ የዘሩ ሁሉ የጋራ ነው። ከዘሩ አንዱ ድርሻውን ለባዕድ ከሸጠ ባዕዱ ዳኛ ፊት ቆሞ «መሬቱ በሙሉ ይሸጥልኝ» ይላል። መዳኛው ሁሉም ፈርሞ፣ ማንም ለብቻው እንዳይሸጠው መሬቱን በአደራ ሰነድ ማሰር ነው። ሽማግሌው ግን «ያልተጻፈ መሬት አይሰረቅም» ብሎ እምቢ አለ። እዚህ ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ የሚያንኮራፋው እንኳ ነቅቶ ሳቀ።

እኔ ከአባቴ የወረስኩት ቃል ነው የተሳቀበት። አባቴ ወረቀት የፈረመ ጎረቤቱ ሁሉ መሬቱን ሲነጠቅ አይቷል። አንቺንም ጠበቃ ያደረገሽ የዚያው መሬት ቲማቲም ነው፤ እሱን አልነገርሻቸውም።

ልወጣ ባርኔጣዬን አነሳሁ። ያኔ ስለ ሌላ ደሴት ጀመርሽ። መሬቱ ተሽጦ ሆቴል ቆመበት፣ መቃብሩም አጥሩ ውስጥ ቀረ። አንዲት ሴት እናቷ በመጨረሻ የበላችበትን ሳህን እንደ ወጋችን መቃብሯ ላይ ለማኖር ዘበኛ ታስፈቅዳለች፤ የጎብኚ ወረቀት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትገባለች። ከፊት አንዱ እጁን አወጣ። ተመስገን፣ አንድ ሰው ሰምቷል አልኩ።

«ምሳ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ባርኔጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ «የዛሬው ቃል» አልሽ። በመጨረሻው ቀን መለከት ሲነፋ ሙታን እንደዚያ ፈጥነው የሚነሱ አይመስለኝም። ብዕር ሲፈለግ፣ ወረቀት ሲገለበጥ፣ ሁሉም አንገቱን አቀና። አንቺም «ሲጳራ» አልሽ። ቀስ ብለሽ ደገምሽው። «ሲጳራ።»

የእናትሽን ስም! ያ ሁሉ ጆፌ አጎንብሶ የሚስቴን ስም ጻፈ። ማን ናት ያለ አንድ ሰው የለም። እኔ መጻፍ አልችልም፤ መጻፍም አላስፈለገኝም።

አጠገቤ ያለው ዘግይቶ ባነነ። «ክቡር ዳኛ፣ ቃሉ ምን ነበር?»

አየሁት። ለሀጩ ኮሌታው ላይ ወርዷል። የሲጳራን ስም ለዚህ?

«ዲያቆን» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንደ ገዛ በቅሎዬ አውቀዋለሁ።»

አመሰገነኝና ጻፈ። በቅሏችንን ዲያቆንን ታስታውሺዋለሽ፤ አጥሩን ረግጦ የሰበረው፣ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ሰውዬው ፈቃዱ ተይዞበት እንደሆነ ንገሪኝ። ኧርነስቲን እስካሁን ትስቃለች።

ሳታዪኝ ወጣሁ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ እናትሽ መቃብር ሄጄ ነበር። የመጨረሻ ውሃዋን የጠጣችበት ሰማያዊ ኩባያ ራስጌዋ እንዳለ ነው። አፈር ሞልቶት ነበር፤ አጠብኩና መለስኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ወረቀቱን ይዘሽ ነዪ። በፖስታ እንዳትልኪው፣ አልከፍተውም። እናትሽ ራስጌ ቆመሽ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለሽ ታነቢልኛለሽ። እኔ አልተኛም። ያልገባኝ ቦታ ላይ አቆምሻለሁ። ከዚያ ምልክቴን አደርግልሻለሁ። እነዚያ አሳመኑት ብለሽ እንዳታስቢ፤ ራሳቸውን እንኳ እንዲነቁ ማሳመን ያቃታቸው ናቸው። ሌላ ጠበቃም ይዘሽብኝ እንዳትመጪ። በቤቴ አንድ ይበቃኛል።

ከፋሲካ በፊት ነዪ። ለሌስተር ብቻ ብዬ አይደለም። ኧርነስቲን ብዕሯን አቁማ እያየችኝ ነው፤ ጻፊ ብያታለሁ። ጆሮው የተሸረፈውን ኩባያዬን ከሌሎቹ ለይቼ መደርደሪያው ላይ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ስትመጪ የትኛው እንደሆነ አሳይሻለሁ።

የአያቶችሽ አምላክ መንገድሽን ይጥረግልሽ። ቃልሽን የሚሰማ ጆሮ ይስጥሽ፤ እንቅልፋሙን ያርቅልሽ። ቤቱ ክፍት ነው።

አባትሽ
ታይተስ ኬፐርስ
ምልክቱ፦ X