በረዶ እንዳይገባብን ስለተደፈነው የጣሪያችን መተንፈሻ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለክቡር የሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እኔ ከባለቤቴ ከይርገዱና ከአራስ ልጃችን ጋር፣ ምስጋና ለክቡርነትዎ ይድረስና፣ ብርድ የሚባል ነገር ሳይነካን በላብ ተነክረን እንገኛለን።

የቤታችን ፕላን ከብርድ አገር መምጣቱን መሐንዲስዎ በነገሩን ጊዜ፣ ለድሬዳዋ ሰው ብርድ ይመታዋል ተብሎ መታሰቡ እንባችንን አምጥቶት ነበር። አሁንም እያመጣው ስለሆነ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

፩ኛ፤ ብርድ እንዲከላከል ተብሎ ከኮርኒሱ በላይ የተሞላው ሰጋቱራ በራሱ አይከፋም። ዳሩ ግን ከቆርቆሮው ሥር ነፋስ የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች መሐንዲስዎ «በረዶ ይገባል» ብለው በሲሚንቶ ስላስደፈኗቸው፣ ሰጋቱራው ቀን ከቆርቆሮው የተቀበለውን ትኩሳት እንደ አደራ ዕቃ ጠብቆ ማታ ያስረክበናል። በዚያ በብርድ አገር እንኳ ጣሪያው እንዲተነፍስ ቀዳዳው ክፍት ይተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በጥንቃቄ ከባለ በረዶዎቹ በልጠን መገኘታችን ያኮራል።

፪ኛ፤ በበልጉ ዝናብ ውሃ ሾልኮ ገብቶ ሰጋቱራው ስለረጠበ፣ የሚያደርቀው አየርም ስለሌለ፣ ኮርኒሱ ልክ ከአልጋችን በላይ ሆዱ ገፍቷል። ይርገዱ በሰላም ስለተገላገለች ተራው የኮርኒሱ ነው እያለ ሰፈርተኛው ይሥቅብናል።

፫ኛ፤ እንደ አገሩ ልማድ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንዳንተኛ፣ «የመሥሪያ ቤቱን መልክ ያበላሻል» ተብሎ ዘበኛው ይመልሰናል። ቀዳዳ የከፈተ ደግሞ ቤቱን ይለቃል ተብሏል። በዚህ መካከል ክርስትና ያልተነሣው ልጃችን ገላው በሙቀት ሽፍታ ተወርሮ ሲያለቅስ ያነጋል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ ነፋስ ነው ብሎ ሸኝቶናል። ነፋሱን የት እንደምገዛው ግን አልነገረኝም።

መሐንዲስዎ ባለፈው ሳምንት ለምርመራ መጥተው፣ ከደጃፉ ሳያልፉ ኮታቸውን አውልቀው፣ ወንበር ውጭ አስወጥተው፣ «ቤቱ ሙቀት በሚገባ ይዟል» ብለው ጽፈዋል። ሐሰት ነው የሚል ቢነሣ እኔ ምስክር እቆማለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕፃኑ እንዲተነፍስ ሁለት ቀዳዳ የመክፈት ፈቃድ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ልክ እንደኛው ያለ ሞቅ ያለ ቤት እየተመኘሁ፣ ብዕር የሚያዳልጠውን እርጥብ እጄን ዘርግቼ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ ዘገዬ ቡልቻ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብዬ ሳነብ የሰማችኝ ጎረቤታችን ዳሃቦ «አቦ፣ ወረቀት ንፋስ ይሆናል እንዴ?» ብላ መዶሻ ይዛ መጣች። ይርገዱ መሰላሉን፣ እኔ ሕፃኑን ይዘን ሳለ ሁለቱንም ቀዳዳ ከፈተቻቸው። ልጁ ከተወለደ ገና ዛሬ ድምፁን ሳያሰማ ተኝቷል። ስለዚህ ቤት ልቀቁ የሚለውን ትእዛዝ ይዞ የሚመጣው ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ያንኳኳ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።