አውራው ሴት ናት

የምወድዎ አባባ፣

ከተለዩን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እናቴ ደህና ናት፤ ገብሱም ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው ታጨደ። አምስቱ ቀፎዎችዎ ግን ከጣራው ሥር ሊነሡ ነበር። አጎቴ በተዝካርዎ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሴት የከፈተችውን ቀፎ ንብ ጥሎት ይጠፋልና ወደ እኔ ቤት ይዛወር አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ አፍራብኝ ይሁን ስቃ አልጠየቅኋትም።

እርስዎም ቢሆኑ ከእሱ ጋር ሳይቆሙ አይቀሩም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ የንብ መንጋ ዛፍ ላይ ሰፍሮ፣ አውራውን ይዘው መቃ ውስጥ ከዘጉት በኋላ፣ ንጉሡ ይኸውልሽ፣ ያለ ወንድ ቤት አይቆምም ብለውኛል። አባባ፣ አይቆጡኝና ተሳስተዋል። አውራው ሴት ናት። እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት። ወንዶቹ እርስዎ ሰነፍ እያሉ ይሰድቧቸው የነበሩት ድንጉላዎች ናቸው።

ደብረ ብርሃን ለንብ እርባታ ሥልጠና ሄጄ የተማርኩት ይህንን ነው። ሠራተኛዋ ንብም ሴት ናት፤ በዕጭነቷ እንደ አውራዋ ብትቀለብ አውራ በሆነች ነበር። የሠራተኛዋ እንቁላል ማፍሪያ ሲጫጭ፣ እዚያው ውስጥ አንድ ዓይነት አርኤንኤ ይበዛል። አርኤንኤ ከዘረመል የሚገለበጥ መልእክት ነው፤ ፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ በማድረስ ይታወቃል። ይህኛው ግን ፕሮቲን አይወጣውም። እንዲህ ያለውን ቀድሞ ሥራ ፈት ይሉት ነበር። ዛሬ ሌሎች ዘረመሎችን የሚያዝዝ እንዳለበት ታውቋል፤ ማፍሪያው በመጫጨቱም የዚህኛው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ይጠናል። ለአጎቴ ብነግረው፣ በዓይን የማይታይ ነገር ተምረሽ መጣሽ አለኝ። በየእሑዱ የሚያስቀድስ ሰው በማይታይ ነገር ማሾፉ ገረመኝ።

በኅዳር ራሴ አጭሼ ማሩን ቆረጥኩ። ሁለት ቦታ ተነደፍኩ። አራቱ ጸንተዋል፣ የአንዱ ንብ ሄደ። አጎቴ አላልኩም ወይ እያለ መንደሩን ዞረ። በእርስዎ ጊዜም በየዓመቱ አንድ ይሄድብን ነበር፤ ያኔ የወንድ እጅ አባረረው ያለ አልነበረም።

ናፍቀውኛል፤ ስህተትዎ ሳይቀር ናፍቆኛል። ቀፎዎቹን ለማንም አልሰጥም። እርስዎንም አልረሳም፤ በየሙት ዓመትዎ ቤተ ክርስቲያን የሚበራውን ጧፍ እኔ ከቆረጥኩት ሰም ራሴ እሠራለሁ። ከሴት ቀፎ የወጣ ነው ብሎ የሚሸሽ ካለ፣ እቤቱ ይቀመጥ።

ልጅዎ